የቤት ጠላ ጠመቃ

ጠላ ከገብስ፣ ከዳጉሳ፣ ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ፣ በብቅልና በጌሾ ተጠምቆ በየቤቱ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። በትግራይና በኤርትራ ስዋ፣ በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ፋርሶ ይባላል፤ የእያንዳንዱ አሠራር የራሱ መልክ ቢኖረውም መሠረቱ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና የቤጃን ሰዎች አስገብሮ ወደ ሌላ ስፍራ ሲያዛውር ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በሚዘረዝረው የአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ ከዳቦው ጋር ከእህል የተጠመቀ መጠጥ ተጠቅሷል። ያ መጠጥ የዛሬው ጠላ ራሱ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ ጠመቃ በአገሩ ሥር የሰደደ ሙያ መሆኑን ግን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1922 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ከተቋቋመ ወዲህ ጠርሙስ ግብዣውን እየተጋራ ቢመጣም ጋኑን ከጓዳ አላስወጣውም።

የጠላ ሥራ የሚጀምረው ከእህሉ ሳይሆን ከጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም በሚጤስ የወይራ ፍልጥ ላይ አፉ ተደፍቶ ጭሱ ውስጡን እስኪጠግብ ድረስ ይታጠናል። ጠላን ጠላ የሚያሰኘው የጭስ ጣዕም የሚገኘው ከዚሁ ነው። ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾ ከውኃና ከብቅል ጋር ተደባልቆ ይጠነሰስና ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ጥንስሱ ሲብላላ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ከተቆላ እህል ዱቄት የተሠራው እንኩሮም ይጨመርና ድፍድፉ ይዘጋጃል፤ የጋኑም አፍ ይመረጋል። የጠላው መልክ ጥቁር ወይም ቀላ ያለ የሚሆነው በአቆላሉ መጠን ነው። ልምድ ያላት ጠማቂ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ የፍላቱን ድምፅ በማዳመጥ ብቻ ቀኑን ትገምታለች፤ ይህን ሙያ በሰዓትና በሚዛን መተካት ከባድ ነው። ድፍድፉ በውኃ ሲበጠበጥ ገና ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ፣ ዋናው ከተቀዳ በኋላ ውኃ ተጨምሮበት የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ይባላል፤ አተላውም ለከብት መኖ ይውላል።

ሰዎች ገበያ ላይ የተዘጋጀ መጠጥ እያለ ይህን ሁሉ ድካም የሚመርጡት በዋናነት የእጅ ጣዕም የሚባለው ነገር ስላለ ነው። ጌሾው ሲበዛ ይመርራል፤ ብቅሉ ሲያንስ ፍላቱ ይደክማል፤ ልኩን የሚያውቀው ያ ቤት ነው። ስለዚህ ጎረቤት የአንድን ቤት ጠላ ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል፤ የጠማቂዋም ስም ከጣዕሙ ጋር አብሮ ይነሣል። ሌላው ምክንያት የድግሱ ሥርዓት ነው፤ በወርኃዊ ማኅበር ተራው የደረሰበት ቤት፣ በፋሲካ፣ በሠርግና በተዝካርም ያለ ጠላ ድግሱ ሞላ አይባልም። የደገሰ ሰው ገዝቶ ካቀረበው ይልቅ በቤቱ ጠምቆ ያቀረበው ይበልጥ ይከበርለታል። ጠላ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ልማዱ እንግዳው ያለ ስጋት እንዲጠጣ ከማረጋገጥ የመጣ ነው ይባላል። ሽያጭም አለ፤ በየመንደሩ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ የሚታይበት ቤት ጠላ ቤት ነው።

በአሜሪካ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድም። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጌሾ ከአገር ቤት እያስመጡ ወይም ከሐበሻ ሱቅ እየገዙ፣ በጋን ፈንታ በፕላስቲክ ባልዲ ይጠምቃሉ። ባልዲ ግን እንደ ሸክላ በወይራ አይታጠንምና፣ የአገር ቤቱን የሚያውቅ ሰው ገና በመጀመሪያው ጉንጭ የጎደለው ጭሱ መሆኑን ይናገራል።