የመድረክ ንድፍ በድኅረ ምረቃ ደረጃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የመድረክ ንድፍ ተውኔቱ ተጠናቅቆ ሲያበቃ የሚጨመር ጌጥ ነው።» ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳው ይህ አመለካከት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪውን ከትምህርቱ እምብርት ያርቀዋልና። ስዊዘርላንዳዊው የመድረክ ንድፍ አውጪ አዶልፍ አፒያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቃወመው ይህንኑ ነበር። በጠፍጣፋ ሸራ ላይ የተሳለ ዛፍ ሕያው አካል ካለው ተዋናይ ጋር እንደማይጣጣም አስረድቶ፣ በሸራው ፋንታ ደረጃ፣ መደብና ብርሃን የተዋናዩን እንቅስቃሴ እንዲያጎሉ አሳሰበ። ዛሬም በስቱዲዮ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ተማሪው በ1፡25 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው መድረክ 25 ጊዜ አሳንሶ፣ ከካርቶን በሠራው ሞዴል ውስጥ 7 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም የወረቀት ሰው ያቆማል፤ የደረጃውን የአንድ እርከን ከፍታ ከ6 ሚሊሜትር ወደ 8 ሲያሳድገው፣ በመድረኩ ላይ 15 ሴንቲሜትር ይሆን የነበረው እርከን 20 ይሆናል፤ ቀና ብላ በእርጋታ ትወርድ የነበረች ረጅም ቀሚስ የለበሰች ተዋናይትም እግሯን እያየች ለመውረድ ትገደዳለች። በ2 ሚሊሜትር ካርቶን የገጸ ባሕርይዋ ግርማ ተለወጠ ማለት ነው።

«አሳምሮ መሳል የማይችል ሰው አያመልክት።» የሥዕል ችሎታ በእርግጥ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም አመልካቹ የሚያቀርበው የሥራዎቹ ስብስብ፣ ተውኔቱን እንዴት እንዳነበብን ካላሳየ፣ የሥዕሉ ውበት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ሐሳቡ የተወለደባቸውን ረቂቆች፣ የተተዉትንም ጭምር፣ ማካተት ይገባል።

«የመጀመሪያ ዲግሪው በቴአትር ያልሆነ ቦታ የለውም።» ታዋቂው ቼካዊ የመድረክ ንድፍ አውጪ ዮሴፍ ስቮቦዳ የተማረው አናጺነትንና ሥነ ሕንፃን ነበር።

«ኮምፒውተር ሞዴልን አስቀርቷል።» የወለል ፕላንና የጎን ቁርጥ (መድረኩ ከጎን ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየው ሥዕል) ዛሬ በብዛት በኮምፒውተር እንደሚሠሩ እሙን ነው። ነገር ግን አዘጋጁና የመብራት ባለሙያው በአንድ ሞዴል ዙሪያ ጎንበስ ብለው፣ በዳር ወንበር የተቀመጠው ተመልካች ምን እንደሚሸፈንበት በዓይናቸው ሲለኩ የሚፈጠረውን ውይይት ስክሪን በቀላሉ አይተካውም።

«ንድፍ አውጪ ብቻውን የሚፈጥር አርቲስት ነው።» በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት በሚፈጀው የማስተርስ ትምህርት ተማሪው ከአዘጋጅነት፣ ከአልባሳትና ከመብራት ተማሪዎች ጋር አብሮ ይሠራል፤ ሐሳቡን ያስረዳል፣ ይከራከራል፣ በጀት ሲያንስም የቱን እንደሚያስቀርና የቱን እንደሚያስቀድም ይወስናል። ከዚያም ሥዕሎቹን ለአናጺው ያስረክባል፤ አናጺው ደግሞ ንድፍ አውጪው በሌለበት፣ ከወረቀቱ ላይ ልኩን እያነበበ ያንን እርከን በትክክል 20 ሴንቲሜትር አድርጎ መሥራት መቻል አለበት።