ቦታዋን የምትቀያይረው «ሲ»

የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መዘምራን የሚያነቧቸው ትልልቅ የብራና መጻሕፍት በወርቅና በቀለም ባጌጡ ፊደላት ዓይን ይማርካሉ። ዜማውን ለማንበብ ግን መጀመሪያ መታየት ያለባት፣ ብዙ ጊዜ የዜማው ምልክቶች በሚጻፉባቸው አራት መስመሮች ግራ ጫፍ የምትገኘው ትንሽዬ የላቲን ፊደል «ሲ» (C) ነች። እሷ ያለችበት መስመር «ዶ» (የዶ-ሬ-ሚ የመጀመሪያው ድምፅ) ይባላል።

ግራ የሚያጋባው ቦታ መቀያየሯ ነው። አንዳንዴ በአንድ መዝሙር መሃል እንኳ ከመስመር መስመር ትዛወራለች። ይህ የሚደረገው ዜማው ከአራቱ መስመሮች እንዳይወጣ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጉይዶ ዘአሬዞ ደግሞ የ«ሲ»ን መስመር በቢጫ፣ «ፋ» የሚባለውን ድምፅ የምታመለክተውን የ«ኤፍ»ን (F) መስመር በቀይ ቀለም ይለይ ነበር። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ደግሞ «ዶ» እንደ ፒያኖ ቁልፍ ከፍታው የተወሰነ ድምፅ አይደለም። መዘምራኑ በሚመቻቸው ከፍታ ይጀምራሉ፤ መጠበቅ ያለበት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።