ሊንከን ጠበቃው፦ ስለ «ደጋግሞ የወደቀው ሰው» የሚወራውና እውነታው

በአነቃቂ ንግግር መድረክ የአብርሃም ሊንከን ስም አይቀርም። «በዚህ ዓመት ወደቀ፣ በዚያ ዓመት ተሸነፈ፣ በመጨረሻ ፕሬዝዳንት ሆነ» ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን የሰውየውን የዕድሜ ልክ ሥራ ይሸፍንብናል። ሊንከን ለ8 ዓመት የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል፣ ለ24 ዓመት ገደማ ደግሞ ጠበቃ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«እስከ 1860 ምርጫ ቀንቶት አያውቅም»

በ1832፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ለምክር ቤቱ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ያኔም ቢሆን የሚኖርበት የኒው ሴለም ሰዎች ከሰጡት 300 ድምፅ 277ቱ የእሱ ነበር። የሚያውቁት መርጠውታል ማለት ነው። ከዚያ በ1834፣ በ1836፣ በ1838 እና በ1840 አከታትሎ አሸነፈ። በ1846 ደግሞ ለኮንግረስ ተመረጠ። በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ የተሸነፈው በ1832 ብቻ እንደሆነ ራሱም በ1859 ጽፏል።

«በ1858 ሕዝቡ ከእሱ ይልቅ ዳግላስን መረጠ»

ዳግላስ ለሴኔት፣ ማለትም ለአሜሪካ ኮንግረስ የላይኛው ምክር ቤት፣ የሊንከን ተፎካካሪ ነበር። የሴኔት አባልን ግን ያኔ የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ከ1913ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በኋላ ነው። ዳግላስም ያሸነፈው በምክር ቤቱ ውስጥ፣ 54 ለ46 በሆነ ድምፅ ነው።

«ሕግ ሳይማር ጠበቃ የሆነ ተአምረኛ»

ኮሌጅ አልገባም፣ እውነት ነው። በዚያ ዘመን ግን መጽሐፍ ተውሶ ማጥናት የተለመደ መንገድ ነበር። በ1836 የጥብቅና ፈቃዱን አገኘ።

«ለተበደለ ብቻ የሚቆም ጠበቃ»

ይህቺ ከሁሉም ትከብዳለች። በ1847 ሮበርት ማትሰን የተባለ የኬንታኪ ባለርስት፣ ኢሊኖይ ወዳለው እርሻው ያመጣትን ጄን ብራያንትን ከ4 ልጆቿ ጋር ወደ ባርነት ሊመልስ ፍርድ ቤት ቆመ። ከማትሰን ጠበቆች አንዱ ሊንከን ነበር። አዎ፣ ባርነትን እጠላለሁ የሚለው ሊንከን። ተረታ፤ እናትና ልጆችም ነፃ ወጡ። ይህን ሳነብ ያመኛል፤ ግን ከታሪኩ ቆርጠን መጣል የለብንም።

«ችስታ የገጠር ጠበቃ»

ፈረሱን ጭኖ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው፣ ተዘዋዋሪ ችሎቱን ተከትሎ መሄዱ ልክ ነው። በየመንገዱ ማደሪያ ከሌሎች ጠበቆች ጋር አንድ አልጋ ይጋሩ ነበር። ከሁሉ የሚበዛው ሥራው የዕዳ ክርክር ነው። ነገር ግን ከሸሪኮቹ ጋር ከ5,000 በላይ ጉዳዮች ይዟል። የኢሊኖይ ሴንትራል የባቡር ኩባንያም ደንበኛው ነበር። ከአንድ ትልቅ የግብር ክርክር በኋላ ኩባንያው ክፍያውን ሲያንገራግርበት፣ ሊንከን ራሱን ኩባንያውን ከሰሰና 5,000 ዶላር አስፈረደበት። ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው።

«ጥብቅናው ለሥልጣን መወጣጫ ብቻ ነበር»

በ1861 ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ሲል፣ ቢሮው ደረጃ ሥር «ሊንከን እና ኸርንደን» የሚል ታፔላ ተሰቅሎ ነበር። ሸሪኩ ኸርንደን እንደተረከው፣ ሊንከን ታፔላው እንዳይነሳ ነገረው። በሕይወት ከቆየሁ እመለሳለሁ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥብቅናችንን እንቀጥላለን አለው።