የጓሳ ጭላዳ፤ ሣር ነጭቶ አዳሪው የመንዝ ዝንጀሮ

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም። በሰሜን ሸዋ ከደብረ ሊባኖስ ገደሎች እስከ አንኮበር አፋፍ ይታያል። አኗኗሩ ለዓመታት በቅርብ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ግን መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ ውርጫም አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣሩ ነው።

ጭላዳ በአፈጣጠሩ ዝንጀሮ ይባል እንጂ በገበታው ለበግ ይቀርባል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዋና ቀለቡ ሣር የሆነ ሌላ የለም። እንደ በግ ግን አፉን ወደ መሬት አይደፋም። በመቀመጫው ዘፍ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቅጠል በቅጠል ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልከዋል። ፊቱ ያለው ሲያልቅበት ሳይነሣ ተንፏቅቆ ይጠጋል።

ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርሱበት የገደል ግድግዳ ላይ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሞቆ፣ ተቀማምሎ ሜዳው ላይ ይወጣል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ወቅት ሲለወጥ ሩቅ አገር አይሰደድም፤ የሚለወጠው ምግቡ ነው። በክረምት ለምለሙን ቅጠል ይነጫል። በጋ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ በጣቶቹ አፈር እየማሰ ሥርና እንደ ሽንኩርት ራስ ያበጠ የዕፅዋት ኮረት ያወጣል። የተገኘውንም አይንቅም፦ በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ጓሳን ሲወር መንጋው ሣሩን ትቶ አንበጣ ሲለቅም ታይቷል። የገብስ ማሳ ያለው ገበሬ ደግሞ ይህን አለመናቅ በሌላ ስም ይጠራዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ከቀይ ቀበሮ ጋር ያለው ጉርብትና ነው። ቀበሮው ግልገል ሳይነካ በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት በጭላዳ መካከል ሆኖ ካደረገው የአደን ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው።

ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየው ያለ ጠባቂ አይደለም። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ እየተመራ፣ ጓሳን ለዓመታት እየዘጋ ይጠብቅ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር የሚታጨደው በበጋ፣ ጭላዳውም ሥር ወደ መማስ በሚዞርበት ወቅት ነው።