«ገቢ የማያስገኝ ውሃ» ምንድን ነው? ሁሉም መሬት ውስጥ የሰረገ አይደለም

«የከተማው ውሃ ከመቶ 40 እጁ በፈነዳ ቧንቧ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ቧንቧውን ጠግኑ፣ ፈረቃ ይቀራል» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ከዚህ አልፈው «ብክነቱ ከቆመ አዲስ በጀትም አዲስ ሠራተኛም አያስፈልግም» ብለው ደመደሙ። የመጀመሪያው አባባል ስሌቱን ያዛባል። የሁለተኛው ጉዳት ይብሳል፤ ብክነትን የሚቀንሰውን ሥራ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ገቢ የማያስገኝ ውሃ ማለት ወደ ስርጭት መረቡ ከገባው ውሃ ላይ ቢል የወጣበት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ቢል የወጣበት እንጂ የተከፈለበት አላልኩም። ደንበኛው ባይከፍልም ውሃው ገቢ ከሚያስገኘው ወገን ይቆጠራል፤ ያልተሰበሰበ ዕዳ ራሱን የቻለ ሌላ ችግር ነው።

አንድ ጎተራ እናስብ። በመኸር የገባው እህልና ገበያ ወጥቶ የተሸጠው አይገጥምም። ከፊሉን አይጥ በልቶታል። ከፊሉን ጎረቤት ሳያስፈቅድ ዘግኗል። ከፊሉ በሰፋ ቁና ስለተሰፈረ 10 ተብሎ የተጻፈው 11 ነበር። ከፊሉን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ለድግስ አውሎታል። አይጡ ከቧንቧና ከማጠራቀሚያ የሚፈሰው ንጹህ ውሃ ነው፤ ከዚህ በታች «ፍሳሽ» የምለው ይህንኑ ነው፤ ጎረቤቱ ሕገወጥ ቅጥያው፣ ቁናው ቆጣሪው፣ ድግሱ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና የሚቀዳውና አዲስ መስመር ሲታጠብ የሚለቀቀው ውሃ። አራቱም «ገቢ የማያስገኝ» በሚለው ስም ይጠቃለላሉ። ድመት ማሳደግ ግን የሰፋ ቁና አያጠብም።

ቁናው ከሚገመተው በላይ ይሰፋል። ለመኖሪያ ቤት የሚገጠመው የተለመደው ባለ ግማሽ ኢንች ክላስ ቢ (የልኬት ጥራት ደረጃ ነው) ቆጣሪ፣ አዲስ ሳለ እንኳ በትክክል እንዲለካ የሚጠበቀው ፍሰቱ በሰዓት 30 ሊትር ሲሞላ ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ ያልሰቀለ ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ሮቶው ሊሞላ ሲቃረብ ተንሳፋፊው ኳስ ቀዳዳውን እያጠበበ ስለሚሄድ ውሃው በቀጭኑ ይንጠባጠባል፤ ቆጣሪውም ከፊሉን ሳያየው ያልፋል። ዕድሜና አሸዋ ሲጨመሩበት ጉድለቱ ይብሳል። በተቃራኒው፣ ከፈረቃ በኋላ መስመሩ ሲከፈት አየር ቆጣሪውን በፍጥነት ሊያሽከረክረው ይችላል። ደንበኛው «ሳይመጣ ቆጠረብኝ» ሲል ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው በመቶኛ መናገር ነው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ አስገብቶ 40,000 የሚያጣ ከተማ 40 በመቶ ይባላል። አዲስ ጉድጓዶች 50,000 ቢጨምሩለትና ጭማሪው ሁሉ ቢሸጥ መቶኛው ወደ 27 ገደማ ይወርዳል። አንድም ቧንቧ አልተጠገነም፤ አይጡም የሚበላውን ያህል ይበላል፣ ጎተራው ብቻ ተለቀ። (በተግባር ግፊቱ ስለሚጨምር ፍሳሹም ይጨምራል።) ፈረቃም እንዲሁ ያታልላል። በሳምንት 2 ቀን ብቻ የሚከፈት ጎተራ አይጡን የሚያበላው 2 ቀን ነው፤ አይጡ ግን አልሞተም። ስለዚህ ባለሙያ ፍሳሽን ሲያወዳድር በአንድ የደንበኛ መስመር በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠፋ፣ ያውም መስመሩ ውሃ በያዘባቸው ሰዓታት ልክ አስተካክሎ ይጠይቃል። 400 ሊትር የሚያጣ መስመር ውሃ የሚያገኘው በቀን 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ትክክለኛው መጠን 800 ሊትር ነው።

ፍሳሹ ራሱስ የት ነው? መንገድ ላይ እንደ ምንጭ ሽቅብ የሚተኮሰው በደቂቃ 500 ሊትር ቢያፈስና በ24 ሰዓት ቢጠገን 720 ሜትር ኩብ ይጠፋል። ከዋናው መስመር ወደ ግቢ በምትገባው ቀጭን ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ በደቂቃ 5 ሊትር የሚያፈስ፣ ማንም ሳያየው 100 ቀን ቢቆይ ያንኑ 720 ያጠፋል። የመጀመሪያውን ሰፈሩ ሁሉ ስልክ ደውሎ ይነግረናል። ሁለተኛው ግን በቁጥር እጅግ ይበልጣል፤ ሠራተኛ በጆሮው ካልፈለገው አይገኝም። መነሻውም ቧንቧው በጥልቀት አለመቀበሩ፣ ሥሩ አሸዋ ሳይነጠፍ ድንጋይ ላይ መተኛቱ፣ የዛገ የጋልቫናይዝድ ብረት ወይም በደንብ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ነው። ትልቁን መስመር ብቻ በአዲስ መቀየር ይህን አይነካውም።

አይጥ የሚሰማው ቤተሰቡ ሲተኛ ነው። ፍሳሽም የሚለካው ሰው ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ዘዴው ከ500 እስከ 3,000 ደንበኛ ያለውን ቀጠና ድንበሩ ላይ ባሉት ቫልቮች ዘግቶ መግቢያው ላይ ያለውን ቆጣሪ ማንበብ ነው። ፈረቃ ባለበት ከተማ ግን በዚያ ሰዓት ሮቶዎች ስለሚሞሉ ንባቡ ፍሳሽ ይመስላል። መፍትሔው ለቀጠናው ውሃ ለተከታታይ ቀናት ሳያቋርጡ መስጠት፣ ሮቶዎቹ ሁሉ ሞልተው ካበቁ በኋላ መለካት ነው። የድንበር ቫልቭ በደንብ መዘጋቱን አስቀድሞ ያላረጋገጠ ደግሞ የጎረቤት ቀጠናን ውሃ ይለካል።

በአዲስ አበባ መልክዓ ምድር ግፊት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ውሃ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ገደማ ይጨምራል። ግፊቱ ከ60 ሜትር (6 ባር ገደማ) ወደ 40 ቢወርድ ፍሳሹ በአማካይ በሲሶ ይቀንሳል፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ከሆነ ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ ብረት ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ከሆነ ግን 18 በመቶ ብቻ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በቆጣሪ ስህተት የጠፋ ሜትር ኩብ ሲገኝ የሚመለሰው በታሪፉ ዋጋ ነው። በፍሳሽ የጠፋው ሲተርፍ የሚድነው የማምረቻው ወጪ ነው፤ በፈረቃ ያለ ከተማ ግን ያንኑ ውሃ መልሶ ሊሸጠው ይችላል። የማምረቻ ወጪውም አንድ አይደለም። በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ከብዙው የከተማው ክፍል ከፍ ብለው ስለሚገኙ ውሃቸው በአብዛኛው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ ይገፋል፤ አንድ ሜትር ኩብ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ፣ 0.45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ያረጀ ፓምፕ ከዚህም ይበልጣል።

«አዲስ ሠራተኛ አያስፈልግም» ለሚሉት ደግሞ ስሌቱ ይኸው። 100,000 ቆጣሪ በ8 ዓመት አንዴ ይቀየር ቢባል በዓመት 12,500፣ በ250 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 50 ነው። ሁለት ሠራተኞች በቀን 10 ቢቀይሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ የማይነካቸው 10 ሰዎች ያስፈልጋሉ። የሌሊት ለኪዎች፣ ፍሳሽ አዳማጮች፣ ጠጋኞችና ቢል መርማሪዎች ገና አልተቆጠሩም። ሥራው በፕሮጀክት ብድር ተጀምሮ ብድሩ ሲያልቅ ቡድኑ ከተበተነ፣ ያረጀ መረብ በየወሩ አዲስ ፍሳሽ ስለሚወልድ የተገኘው ውጤት ይመለሳል። ደመወዙ ከካፒታል በጀት ወጥቶ በመደበኛው በጀት መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ብር የሚውለው ግን ከማጣሪያው መውጫና ከጉድጓዶቹ ላይ ያሉትን ትልልቅ ቆጣሪዎች በማረጋገጥ ላይ ነው። 100,000 የሚያነብ ቆጣሪ በ5 በመቶ አብዝቶ ቢያነብ፣ ጠፋ ከተባለው 40,000 ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጋው ጭራሽ ያልነበረ ውሃ ነው፤ ቧንቧ ቢቆፈርም አይገኝም።