መኪናና ቆሻሻ በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ የግል መኪናና የቆሻሻ ጉዳይ በተለያየ ቢሮ ነው የሚታዩት። ክርክሩ ሲታይ ግን አንድ ነው፦ የአንዱ ምቾት በማን ላይ ይራገፍ?

መኪናው ላይ ውሳኔው ቶሎ ቶሎ ተቀያይሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወደደ። አሮጌ መኪና ጭስና አደጋ ነው ያሉ ደገፉት። ደሞዝተኛው ቪትዝ እንኳ ከራቀው ምን ይንዳ ያሉም ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሬ ነው። መብራቱን ከውሃ ለሚያመነጭ አገር በኤሌክትሪክ መኪና የመተካቱ ሐሳብ ያስኬዳል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆመው ብዙኃን ግን የመኪናው ዓይነት መቀየሩ ጠብ የሚያደርግለት ነገር የለም።

የቆሻሻው ታሪክ ይከብዳል። ረጲ አካባቢ ያለው ቆሼ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማውን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታውን አልቻልነውም፣ ውሃችን ተበከለ ብለው ተነሱ። ማስወገጃው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚያድሩም ነበሩባቸው። ሰንዳፋም ቆሼም የከተማው ቆሻሻ ያረፈው ድምፁ ብዙም በማይሰማ ሰው ደጃፍ ነው፤ ይህ መረሳት የለበትም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታሰበ ነው።

ሰፈር ውስጥ ሥራው በሰው ጉልበት ነው። ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን ቆራሌው ይገዛል። የቀረውን የተደራጁ ማኅበራት ቤት ለቤት ይሰበስባሉ፤ ነዋሪው ክፍያውን ከውሃ ቢሉ ጋር ይከፍላል። ከሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሁለቱ ክርክሮች የሚገናኙት እዚህ ነው። ጠባቡ ኮብልስቶን መንገድ ግራና ቀኙ መኪና ቆሞበታል፤ ጋሪው አያልፍም። ሴትየዋ ጋሪዋን መታጠፊያው ላይ ትታ ትገባለች። ከየበሩ ማዳበሪያውን እያነሳች፣ በመኪኖቹ መሃል በጎን እየተሾለከች፣ በጀርባዋ አዝላ ታወጣዋለች።