ዊልቸር ቫን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ፈቃዱ የሚወሩ ነገሮችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አበሻ በበዛበት ከተማ ሁሉ «ሜዲካል ትራንስፖርት» የሚለው ወሬ አለ። ታካሚን በዊልቸር ቫን ወደ ዳያሊስስ (የኩላሊት እጥበት)፣ ወደ ሐኪም ቀጠሮ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ማመላለስ ነው ሥራው። ድንገተኛ ሕመም ስላልሆነ አምቡላንስ አይጠራም። ሥራው ደግሞ በእርግጥ አለ። የዳያሊስስ ታካሚ ብቻውን ብትቆጥሩት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳል፣ ሦስት ቀን ይመለሳል።

ችግሩ ስለ ፈቃዱ የሚወራው ነው። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሌላ ስቴት ያለ የአጎት ልጅ በስልክ የነገረው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ኤል.ኤል.ሲ. እና ኤን.ፒ.አይ. አውጥቻለሁ፤ ፈቃድ አለኝ»

የላችሁም። ኤል.ኤል.ሲ. የሚለው ድርጅታችሁ በሕግ ተመዝግቧል ብቻ ነው። ዳቦ ቤትም ኤል.ኤል.ሲ. ሊሆን ይችላል። ኤን.ፒ.አይ. ደግሞ የጤና አገልግሎት ሰጪዎች ሂሳብ ሲጠይቁ የሚጠቀሙበት ባለ 10 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ከፌዴራል መንግሥቱ ድረ ገጽ በነፃ ይወጣል። የግብር መለያ ቁጥሩ ኢ.አይ.ኤን.ም እንደዚሁ ነፃ ነው። ሁለቱን «ላውጣልህ» ብሎ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን አልከፍለውም።

እንዲያውም «ፈቃድ» የሚባል አንድ ወረቀት የለም። መኪናው የራሱ አለው፣ ድርጅቱ የራሱ፣ ሾፌሩ የራሱ። ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ደግሞ የራሱን ምዝገባ ይፈልጋል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ከዚህ በታች ያለው ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው አንዱን ይዞ ሌላውንም እንደያዙ ከማሰብ ነው።

የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ኒው ጀርሲ ውስጥ የስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ መኪናውንም «ሞቢሊቲ አሲስታንስ ቪሂክል» ይሉታል። ኦሃዮ ውስጥ ስሙ «አምቡሌት» ነው፤ ፈቃዱ የሚወጣው የድንገተኛ ሕክምናና የእሳት አደጋ ሥራን ከሚቆጣጠረው የስቴት ቦርድ ነው። ኒው ዮርክም «አምቡሌት» ይላል፤ እዚያ ግን የሚኬደው ወደ ስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን) ታካሚ ለማመላለስ የፐብሊክ ዩቲሊቲስ ኮሚሽንን ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ መንጃ ፈቃድና ታርጋ የሚሰጠው ዲ.ኤም.ቪ. ነው። ስለዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ያለው የአጎት ልጅ አልዋሸም። የነገራችሁ የኮሎምበስን ነው።

«ሊፍት ወይም ራምፕ ካለው መኪናው ያልፋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

አንድ ወዳጄ ንጹህ ያገለገለ ሚኒቫን አገኘ። ራምፕ አለው፣ ወለሉ ወርዷል፣ ማይሌጁ ዝቅ ያለ ነው፣ ዋጋውም ደህና። አንድ ቤተሰብ አባታቸውን ሲያመላልሱበት የቆየ መኪና ነው። ወዳጄ ገዛው፣ አሳጠበው፣ ስሙን አስለጠፈበት። ኢንስፔክተሩ መጣ፣ ሜትሩን አወጣ፣ የበሩን ከፍታ ለካ። 54 ኢንች። በቃ፣ ሌላውን አላየውም።

የአካል ጉዳተኞች ሕጉ ማለትም ኤ.ዲ.ኤ. ለትራንስፖርት መኪና የወጣ ዝርዝር መለኪያ አለው። ርዝመቱ 22 ጫማ ወይም ከዚያ በታች የሆነ መኪና፣ ከራምፑ ወይም ከሊፍቱ ወለል እስከ በሩ የላይኛው ጫፍ ቢያንስ 56 ኢንች ክፍት መሆን አለበት። ከዚያ ለሚረዝም መኪና 68 ኢንች። ለግል ቤተሰብ የተቀየረ ሚኒቫን ይህን ላያሟላ ይችላል። የተሠራው ለአንድ ለሚታወቅ ሰው ነው፤ ለማንኛውም ተሳፋሪ አይደለም። መኪና ስታዩ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ሻጩ «ኤ.ዲ.ኤ. ነው» ቢላችሁም ለኩ።

ሌሎቹም ቁጥሮች ይጠቅሟችኋል። ሊፍቱ ቢያንስ 600 ፓውንድ እንዲሸከም ሆኖ መሠራት አለበት፤ 272 ኪሎ ገደማ ነው። ይበዛል ትሉ ይሆናል፤ አይበዛም። ባለ ባትሪ ዊልቸር ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከዚያ ሰውየው ይጨመራል። መኪናው ውስጥ ለአንድ ዊልቸር የሚተወው ቦታ 30 በ48 ኢንች ነው። ወንበሩ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይዞራል እንጂ ወደ ጎን ዞሮ አይታሰርም። ታስሮም መኪናው በተለመደው ሁኔታ ሲሄድ ከ2 ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። የመኪናው ኃይል ቢቋረጥ ደግሞ ሊፍቱ በእጅ የሚሠራበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «በእጅ አውርደህ አሳየኝ» በሉት። ካልቻለ ዋጋው ላይ ትነጋገራላችሁ፣ ወይም ትተዉታላችሁ።

ስለ ማሰሪያው አንድ ነገር ልጨምር። ወንበሩ ታሰረ ማለት ሰውየው ታሰረ ማለት አይደለም። አራቱ ማሰሪያዎች የሚይዙት ዊልቸሩን ነው። ተሳፋሪው ወገቡንና ትከሻውን የሚይዝ የራሱ ቀበቶ ያስፈልገዋል። ዊልቸሩ ላይ ተሰፍታ የምትመጣዋ ቀበቶ ሰውየው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ትረዳለች እንጂ ለግጭት አልተሠራችም። ወንበሩ ላይ «ደብሊው.ሲ.19» የሚል ምልክት ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። በሰዓት 30 ማይል የግጭት ሙከራ ያለፈ ነው፤ አራቱ የማሰሪያ ቦታዎችም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ምልክቱ የሌለው ወንበር ግን ብዙ ነው፤ ያኔ መንጠቆውን የሚወልቅ እግር ማሳረፊያ ላይ ሳይሆን ጠንካራው ብረት ላይ ማድረግ የሾፌሩ እውቀት ነው።

«የአካል ጉዳተኛ ታርጋ አለው፤ ሌላ ታርጋ ለምን?»

ያ ታርጋ የማቆሚያ መብት ነው። መኪናው ሰው በክፍያ እንዲጭን አይፈቅድም። ለክፍያ የሚሠራ መኪና ብዙ ስቴት ውስጥ የራሱ ምዝገባና ታርጋ አለው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ለምሳሌ «ፎር ሃየር» ይባላል። መስታወት ላይ የሚሰቀለውን ሰማያዊ ካርድ በተመለከተ ደግሞ፣ ባለቤቱ ተሳፋሪው ነው። እሱን ስትጭኑ ወይም ስታወርዱ ትጠቀሙበታላችሁ። እሱ ቤቱ ተኝቶ እናንተ ቡና ልትገዙ ስትቆሙበት ቅጣት ነው።

«ኡበር የምሠራበት ኢንሹራንስ ይሸፍነኛል»

አይሸፍንም። የግል የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው ሰውን በክፍያ መጫንን በግልጽ ያስቀራል። የኡበሩ ሽፋን ደግሞ ከአፑ ጋር የተያያዘ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተጻፈ የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ነው። ለወኪሉ ዊልቸር እንደምትጭኑ ሳትደብቁ ንገሩት። ዋጋው ይጨምራል፤ እውነት ነው። ግን «ሴዳን ነው» ተብሎ የተጻፈ ፖሊሲ አደጋ የደረሰ ቀን ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ብሮከሮቹ (የሜዲኬድ ጉዞን ለድርጅቶች የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች) ከመኪናው ኢንሹራንስ ሌላ ጀነራል ላይቢሊቲ፣ ማለትም ከመኪናው ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ፣ የሚጠይቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። እማማን ከቤታቸው በር ስታወጡ፣ ደረጃው ላይ ዊልቸሩ ቢንሸራተት መኪናው ገና አልተነካም። የመኪናው ኢንሹራንስ «እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል።

«የቨርጂኒያ ፈቃድ ካለኝ ዲሲም ሜሪላንድም እሠራለሁ»

ይህኛው የኛ የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ልዩ ስህተት ነው። ሦስቱ ቦታዎች በአንድ ድልድይ ስለሚገናኙ አንድ አገር ይመስላሉ። በፈቃድ በኩል ግን አይደሉም።

መጀመሪያ ቨርጂኒያ። ዲ.ኤም.ቪ.ው ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ፈቃድ «ነን ኢመርጀንሲ ሜዲካል ትራንስፖርቴሽን ካሪየር» የሚባለው፣ በሜዲኬድ በኩል ለሚመጣ ጉዞ ብቻ ነው። ከኪሱ ከፍሎ «ወደ ልጄ ምረቃ ውሰደኝ» የሚል ሰው ቢደውል፣ ለዚያ ሌላ ዓይነት ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ዋሽንግተንና ዙሪያው። ደብሊው.ኤም.ኤ.ቲ.ሲ. የሚባል ኮሚሽን አለ። ሜትሮ ባቡሩን ከሚያንቀሳቅሰው ደብሊው.ኤም.ኤ.ቲ.ኤ. ጋር አታምታቱት፤ አንድ ፊደል ናት ልዩነታቸው። ይህ ኮሚሽን በዲሲ፣ በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በአርሊንግተን፣ በፌርፋክስ፣ በአሌክሳንድሪያና በፎልስ ቸርች ውስጥ ሰው በክፍያ የሚያጓጉዙ የግል ድርጅቶችን ይቆጣጠራል። ሙሉ በሙሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያልቅ ጉዞ አይመለከተውም። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ዲሲ ሆስፒታል የሚደርስ ግን ይመለከተዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሮክቪል የሚሄደውም እንደዚሁ። የሚጠይቀው ኢንሹራንስ፣ ሾፌሩን ጨምሮ እስከ 15 ሰው ለሚይዝ መኪና 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የድርጅቱ ስምና የፈቃዱ ቁጥርም በመኪናው ሁለት ጎን መጻፍ አለበት።

አሁን ደግሞ ያው የአሌክሳንድሪያ ታካሚ ባልቲሞር ያለ ሆስፒታል ቀጠሮ ያዘ እንበል። ባልቲሞር ከኮሚሽኑ ክልል ውጭ ናት፤ ጉዞው ደግሞ ስቴት አቋርጧል። ያኔ ጉዳዩ ስቴት አቋርጠው የሚያጓጉዙ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የሞተር ካሪየር መሥሪያ ቤት ይሆናል። የእሱም የኢንሹራንስ ዝቅተኛ መጠን፣ እስከ 15 ሰው ለሚይዝ መኪና፣ ያው 1.5 ሚሊዮን ነው። አንድ ታካሚ፣ አንድ ቫን፣ ሦስት ተቆጣጣሪ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። የሜዲኬድ ጉዞ የሚተዳደረው በየካውንቲው የጤና ቢሮ በኩል ነው። ዲሲ ውስጥ የለመዳችሁትን ብሮከር እዚያ አትፈልጉት።

«ሲዲኤል ያስፈልጋል»

በፌዴራሉ ሕግ ሲዲኤል (የከባድና የሕዝብ መኪና መንጃ ፈቃድ) የሚመጣው መኪናው ሾፌሩን ጨምሮ 16 ሰው ወይም ከዚያ በላይ እንዲይዝ ሲሠራ፣ ወይም ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው። ተራ ዊልቸር ቫን አይደርስበትም።

ይህን ሲሰሙ ግን «ተራ መንጃ ፈቃድ በቃኝ» የሚሉ አሉ፤ እሱም አይሆንም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባወጣው ሕግ፣ የሜዲኬድ ታካሚ የሚጭን ሾፌር የጸና መንጃ ፈቃድ እንዲኖረው፣ የመንዳት ታሪኩ ከነትራፊክ ቅጣቱ እንዲገለጽ፣ ከፌዴራል የጤና ፕሮግራም የታገደ እንዳይሆን ያዝዛል። የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ጥሰትንም የሚመለከት አሠራር እንዲኖር ይጠይቃል። ብሮከሮችና ስቴቶች ከዚህ በላይ የጣት አሻራ ወይም የኋላ ታሪክ ማጣሪያ፣ የዕፅ ምርመራ፣ የሲፒአርና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይጠይቃሉ። «ፓስ» የሚባለው የተሳፋሪ ደህንነት ሥልጠና ስሙ ይነሳል፤ ዊልቸር አስተሳሰር የሚማሩበት ነው። ባይጠይቋችሁም ውሰዱት።

«ሜዲኬር ይከፍላል»

ሜዲኬድ ነው የሚከፍለው፤ በመጨረሻዋ ፊደል ተጠንቀቁ። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር የሚያውቀው አምቡላንስን ነው፤ እሱንም ሌላ መጓጓዣ ለታካሚው አደገኛ ሲሆን። ዊልቸር ቫን አይከፍልም። በግል ኩባንያ በኩል የሚመጡት የሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዶች አንዳንዶቹ የተወሰነ ጉዞ ይሰጣሉ፤ ከነሱ ጋር ለመሥራት መንገዱ ሌላ ነው።

«ሕክምና ነክ ስለሆነ እንደ አምቡላንስ ነን»

መኪናችሁ ሳይረን የለውም፣ እናንተም ሕክምና አትሰጡም። ታካሚው የራሱን ኦክስጅን ይዞ ሊሳፈር ይችላል፤ እናንተ ግን መጠኑን አትነኩም። መንገድ ላይ ቢብስበት «ሆስፒታሉ ቅርብ ነው» ብሎ መብረር የለም። ዳር ይዛችሁ 911 ትደውላላችሁ።

«መጀመሪያ መኪናው ይገዛ፣ ሌላው ይደርሳል»

እኔ ብሆን የምጀምረው በስልክ ነው። የምሠራበት ካውንቲ ውስጥ የሜዲኬድ ጉዞ የሚያከፋፍለው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። አዲስ ድርጅት እየተቀበለ ነው ወይ? ዊልቸር ነው የሚያጥረው ወይስ ራሱ መራመድ የሚችል ሰው የሚጭን ሴዳን? አንዳንዴ መልሱ «እዚያ አካባቢ በቂ አለን» ይሆናል። ይህን ቫን ሳይገዙ መስማት ይሻላል። ከዚያ የመኪናውን መስፈርት በጽሑፍ እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። ቀጥሎ የኢንሹራንስ ወኪሉ፤ ዋጋውን ሳልሰማ አንድ ዶላር ቀብድ አልሰጥም። መኪና ፍለጋ የምወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ወዳጄ አሁን ሥራ ላይ ነው፤ በሩ 56 ኢንች በሆነ ሌላ ቫን። የበፊቷን ሸጣታል። የገዛት አንድ ቤተሰብ ነው፤ አያታቸውን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱባት። ለእሳቸው 54 ኢንቹ በቂ ነው።